ከጌታው የተለየ ሰው

«ኮሳክ» ሲባል ብዙዎቻችን የሚታየን ፈረሰኛ ነው፤ የበግ ጠጉር ቆብ ያጠለቀ፣ ጎራዴ የታጠቀ፣ ቁጢጥ ብሎ እግሩን እያፈራረቀ የሚወረውር ጨፋሪ። «ካዛክ» ሲባል ደግሞ በመካከለኛው እስያ የተንጣለለችው ካዛክስታን ትታወሰናለች፤ ዩሪ ጋጋሪን በ1961 ወደ ሕዋ የመጠቀባት ባይኮኑር ያለችባት አገር። ኮሳኮቹ በአብዛኛው ኦርቶዶክስ ክርስቲያኖች፣ ሩሲያኛና ዩክሬንኛ ተናጋሪዎች ናቸው። ካዛኮቹ ሙስሊሞች ሲሆኑ የሚናገሩት ከቱርክኛ ጋር የሚዛመድ ቋንቋ ነው። ለብዙ መቶ ዓመታት በአንድ ወንዝ ማዶ ለማዶ ኖረዋል፤ ተዋግተዋል፣ ተገበያይተዋል። የሁለቱም ስም አንድ ቃል ነው። ድምፁ በአጋጣሚ የገጠመ እንዳይመስለን። ከቱርኪክ ቋንቋዎች የወጣው «ቃዛቅ» በአንድ በኩል ስላቮች አፍ ገብቶ ኮሳክን ወለደ፣ በሌላ በኩል እዚያው የሣር ሜዳው ላይ ቀርቶ የአንድ ሕዝብ መጠሪያ ሆነ።

ቃሉ ሲነሣ ግን የዘርም የነገድም ስም አልነበረም። ካዛክ ሆኖ የሚወለድ ሰው አልነበረም፤ ሰው ካዛክ የሚሆነው አንድ ቀን ከጌታው፣ ከጎሳው ወይም ከአገሩ ሕግ ተነጥሎ ሲወጣ ነው። የዚህ ምዕራፍ ነገር በሙሉ ከዚህ ይመዘዛል። (ዓመቶቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ «ዓ.ም.» የተጻፈባቸው ብቻ በእኛ አቆጣጠር ናቸው።)

ከቀደምቶቹ የጽሑፍ ምልክቶች አንዱ ቬኒስ ውስጥ በቅዱስ ማርቆስ ቤተ መጻሕፍት ይገኛል። ኮዴክስ ኩማኒኩስ ይባላል፤ ከጥቁር ባሕር በስተ ሰሜን የነበሩትን ኩማኖች ቋንቋ ለመማር የተዘጋጀ የእጅ ጽሑፍ ነው። ነጋዴዎችና ሚስዮናውያን ይገለገሉበት ነበር። የመጀመሪያው ክፍል 1303 የሚል ዓመት ይዟል፤ ገጾቹ በሦስት ዐምድ ተከፍለው ላቲን፣ ፋርስኛና ኩማንኛ ጎን ለጎን ተደርድረዋል። በዚያ መዝገብ ውስጥ ቃላችን «ጠባቂ፣ ዘብ» የሚል ፍቺ ተሰጥቶታል። ጥቂት ዓመታት አለፍ ስንል ሁለተኛ ምስክር እናገኛለን። በክራይሚያ የባሕር ዳርቻ ያለችው የሱዳክ ከተማ ክርስቲያኖች በግሪክኛ የተጻፈ ስንክሳር ነበራቸው፤ የእኛም ሊቃውንት ስንክሳር የሚሉት ያው የቅዱሳን ዜና ያለበት መጽሐፍ። የከተማዪቱ ካህናት በኅዳጉ ላይ የሞቱ ሰዎችን እየመዘገቡ ያኖሩ ነበርና፣ በ1308 የተጻፈው ማስታወሻ አንድ ወጣት በካዛኮች ሰይፍ መገደሉን ይናገራል። በግብፅ በማምሉኮች ዘመን የተዘጋጀ የቱርክኛና የዐረብኛ መዝገበ ቃላትም አለ፤ እሱ ደግሞ ቃሉን ቤት አልባ፣ ተንከራታች፣ ነጻ ሰው ብሎ ይፈታዋል።

ዘብ፣ ነፍሰ ገዳይ፣ ቤት አልባ፣ ነጻ። አራቱ ፍቺዎች የሚጣሉ ይመስላሉ። የሣር ሜዳውን ኑሮ ላየ ግን አይጣሉም። ከነገዱ የተነጠለ ፈረሰኛ ርስትም መንጋም የለውም፤ ያለው ፈረሱና ጎራዴው ነው። ዛሬ ነጋዴ ቢከፍለው ሲራራውን ይጠብቃል፤ ነገ የሚከፍለው ቢያጣ ያንኑ ሲራራ ይዘርፋል። ለአማርኛ ተናጋሪ ነገሩን ቅርብ የሚያደርገው «ሸፈተ» የሚለው ግስ ነው። ሽፍታ መንገድ ዳር የሚያደባ ቀማኛ ሊሆን ይችላል፤ ቋራ በረሃ የገባው ካሳ ኃይሉም ሽፍታ ተብሏል፣ እሱም በ1847 ዓ.ም. ቴዎድሮስ ተብሎ ዘውድ ደፋ። ቃሉ የሚናገረው ሰውየው ከገዢው ጋር ያለውን ግንኙነት እንጂ ምግባሩን አይደለም።

ስለ ቃሉ ሥር ሊቃውንት አንድ አሳብ የላቸውም። ብዙዎቹ መንከራተትን ከሚያመለክት የቱርኪክ ግስ ጋር ያያይዙታል። ካዛኮች ራሳቸው የሚተርኩት ደግሞ የሚያምር አፈ ታሪክ ነው፦ በበረሃ ቆስሎና ተጠምቶ የወደቀ ጦረኛን አንዲት ነጭ ዝይ ውኃ አጠጥታ ታድነዋለች፤ ከዚያ ቆንጆ ልጃገረድ ትሆንና ያገባታል፤ የልጃቸው ዘር «ቃዝ» (ዝይ) እና «አቅ» (ነጭ) ተብሎ ይጠራል። ተረቱን እወደዋለሁ፤ ሰዋስው ግን አይቀበለውም። በቱርኪክ ቋንቋዎች እንደ አማርኛው ሁሉ ቅጽል ከስም ይቀድማል። ነጭ ዝይ «አቅቃዝ» ነው የምትባለው፤ «ቃዛቅ» ልትሆን አትችልም።

የቃሉ ትልቁ ክብር የመጣው ከመሳፍንት ነው። በ14ኛውና በ15ኛው መቶ ዓመት የጄንጊስ ካንና የቲሙር ዘሮች በየቦታው በአልጋ ይጣሉ ነበር። የተሸነፈው መስፍን ከጥቂት ታማኞቹ ጋር ወደ ድንበር ይሸሻል፤ እየወረረ፣ እየዘረፈ፣ ሰው እየሰበሰበ ቀኑን ይጠብቃል። ይህ ዘመን «ቃዛቅሊቅ»፣ ካዛክነት፣ ይባል ነበር። አያሳፍርም። እንዲያውም የአንድ ገዢ ጥንካሬ የሚፈተንበት ጊዜ ነበርና በኋላ በኩራት ይተረካል።

ከሁሉ አስረግጦ የጻፈው ባቡር ነው፤ በኋላ በሕንድ የሙጋሎችን መንግሥት ያቆመው። በ1483 በፈርጋና ሸለቆ ተወለደ፤ በ1494 አባቱ ሲሞት በልጅነቱ አልጋ ያዘ። ሳማርካንድን ያዘ፣ ለቀቀ፣ ደግሞ ያዘ፣ ደግሞ ለቀቀ። በመጨረሻ ፈርጋናም ከእጁ ወጣች። በ1504 የሂንዱ ኩሽን ተራሮች አቋርጦ ወደ ካቡል ሲያመራ ስለነበረበት ሁኔታ በራሱ እጅ በጫጋታይ ቱርክኛ ጽፎልናል። የተከተሉት ሰዎች ከሁለት መቶ ይበልጡ፣ ከሦስት መቶ ያንሱ ነበር። አብዛኞቹ እግረኞች ናቸው፤ በእጃቸው በትር፣ በእግራቸው የገጠሬ ጫማ። ድንኳን የነበራቸው ሁለት ብቻ ሲሆን የእሱ የራሱ ለእናቱ ይተከልላት ነበር። ከዓመታት በኋላ ካቡልን ሲገዛ፣ ከአንዲጃን ጀምሮ አብረውት የተንከራተቱትን እያስቀደመ ሹመትና ርስት ያድላል ተብሎ ታምቷል። ሐሜቱን እኔ እንደ ምስጋና ነው የማነበው። በካዛክነት ዘመን ድንኳን የተጋራ ሰው፣ በአልጋ ዘመን ከመጣ ሎሌ ጋር እኩል ሊታይ አይገባም።

የዛሬዎቹ ካዛኮች ስም ከእንዲህ ዓይነቱ ሽሽት የወጣ ነው። ታሪኩን የተወልን የባቡር የአክስት ልጅ ሚርዛ ሐይደር ነው፤ በ16ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ካሽሚር ውስጥ በጻፈው ታሪኽ ረሺዲ በተባለው መጽሐፍ። በዛሬዋ ካዛክስታን ሣር ሜዳ ላይ አቡልኸይር የተባለ ብርቱ ካን የኡዝቤክ ነገዶችን ይገዛ ነበር። በ1460ዎቹ ጃኒቤክና ኬሬይ የተባሉ ሁለት የጄንጊስ ዘሮች ሕዝባቸውን ይዘው ከእሱ ተለዩ፤ ወደ ምሥራቅ ሸሽተው በቹ ወንዝ አካባቢ ሰፈሩ። የዚያ አገር ገዢ ኤሰን ቡቃ በደስታ ተቀበላቸው፤ ከጠላቶቹ የሚከልለው አጥር ማግኘቱ ነበርና። አቡልኸይር ሲሞት አገሩ ተበጠበጠ፤ ሰላም የፈለገ ሁሉ ወደ ሁለቱ ካኖች ይጎርፍ ጀመር። ከሕዝባቸው ተነጥለው ስለወጡ መጀመሪያ «ኡዝቤክ ካዛክ»፣ ያመለጡ ኡዝቤኮች እንደማለት፣ ተባሉ። ቆይቶ «ኡዝቤክ» የሚለው ወደቀ፤ ቅጥሉ ብቻውን ስም ሆኖ ቀረ። ካዛክስታን በ2015 የመንግሥትነቷን 550ኛ ዓመት ያከበረችው ከዚህ ሽሽት ቆጥራ ነው።

በዚያው መቶ ዓመት ቃሉ ወደ ስላቮች ምድር ገብቷል። በ1444 ክረምት ሙስጠፋ የተባለ የታታር ልዑል ራዛን የተባለችውን የሩስ ግዛት ሲወር፣ ከተከላካዮቹ መካከል በእንጨት መንሸራተቻ በረዶውን እየሰነጠቁ፣ ጦር ይዘው የመጡ «የራዛን ኮሳኮች» እንደነበሩ ዜና መዋዕሉ ይናገራል። ፈረስ የለም፣ የበግ ቆብም የለም፤ በበረዶ ላይ የሚንሸራተቱ የድንበር ተዋጊዎች ናቸው። ከሞስኮና ከፖላንድ-ሊቱዌንያ በስተ ደቡብ፣ እስከ ክራይሚያ ታታሮች ግዛት ድረስ ያለው ምድር በስላቮች ዘንድ «ዱር ሜዳ» ይባል ነበር። ገባርነት የመረረው ገበሬ፣ ወንጀል የሠራ ወታደር፣ ዕዳ ያለበት የከተማ ሰው ወደዚያ ይሸሻል። እዚያ ሲደርስ ከእሱ የቀደሙ የታታር ካዛኮችን ያገኛል። ኑሮአቸውን ወሰደ፤ ከኑሮው ጋር ቃላቸውን።

ቃላቸውን ስል ስሙን ብቻ ማለቴ አይደለም። የዛፖሪዥያ ኮሳኮች ከድኒፐር ወንዝ ፏፏቴዎች በታች የሠሩት ሰፈር ማዕከል «ኮሽ» ይባል ነበር፤ በቱርኪክ የድንኳን ሰፈር ማለት ነው። የአለቃው ረዳት «የሳኡል» ከቱርኪክ «ያሳውል» የመጣ ነው። ተሰብስበው የሚመክሩበትና አለቃ የሚመርጡበት አደባባይ «ማይዳን» ከዐረብና ከፋርስ ተነሥቶ በቱርኮች አፍ ተሻግሮ ደርሷቸዋል፤ ከ2013 እስከ 2014 ኪየቭ ላይ በተደረገው ሕዝባዊ ዐመፅ ዓለም ሁሉ የሰማው ማይዳን ይኸው ነው። በአንጻሩ የዩክሬን ኮሳኮች የበላይ አዛዥ «ሄትማን» የሚለው ከጀርመንኛ በፖላንድ በኩል የመጣ ነው። ሹመቱ ከምዕራብ፣ ሰፈሩ ከምሥራቅ መሆኑ የእነዚያን ሰዎች አቀማመጥ ከማንኛውም ካርታ ይልቅ ያሳያል።

አንድ የሆሄ ነገር እዚህ ላይ መነሣት አለበት። ዩክሬንኛና ፖላንድኛ «ኮዛክ» ብለው በ«ኦ» ድምፅ ይጠሩታል፤ ሩሲያኛ «ካዛክ» ይላል። ምዕራብ አውሮፓ ስሙን በብዛት የሰማው ከፖላንድ በኩል ስለነበር ፈረንሳይኛውም እንግሊዝኛውም «ኦ»ን ያዙ፤ አማርኛ «ኮሳክ» የሚለው በዚያ መንገድ ስለመጣለት ነው። «ካዛክስታን» የሚለው ግን በሩሲያኛ በኩል ደረሰን። ጋዜጦቻችን ሁለቱን በተለያየ ሆሄ የሚጽፉት የሁለቱን ሕዝቦች ልዩነት አጥንተው ሳይሆን ቃሉ በሁለት በር ስለገባላቸው ነው።

ገዢዎች እንዲህ ያለውን ሰው ዝም ብለው አያዩትም። የፖላንድ ንጉሥ ዳግማዊ ዚግሙንት አውግስጦስ በ1572 ሦስት መቶ ኮሳኮችን በመዝገብ አስፍሮ ደመወዝ ቆረጠላቸው፤ ከመዝገብ ውጭ የቀረው ገበሬ ነው፣ ወደ ጌታው ይመለስ ማለት ነበር። ነጻ ሰው በመዝገብ ሲጻፍ ምን ይቀርለታል? ከመዝገቡ ውጭ የቀሩት በሺህ እየበዙ ሄዱ፤ በ1648 በቦህዳን ክሜልኒትስኪ መሪነት ፖላንድን ያናወጠው ዐመፅ ከዚያ ቂም ብዙ ጉልበት አግኝቷል። በምሥራቅ በኩል የዶን ኮሳኮች አንድ የማይሻር ሕግ ነበራቸው፦ ዶን የገባ ተላልፎ አይሰጥም። የሩሲያው ዛር ቀዳማዊ ጴጥሮስ በ1707 ኮብላዮቹን ገበሬዎች እንዲመልስ ጦር ሲልክ ዶን ተነሣ፤ ዐመፁም በደም ታፈነ። በ1773 የዶን ኮሳኩ የሜልያን ፑጋቾቭ በያይክ ወንዝ ዳር ሲያምፅ ደግሞ የሩሲያዋ ንግሥት ካትሪን ቅጣቱን እስከ ስም አደረሰችው፤ ሰዉ ዐመፁን እንዲረሳ በ1775 የወንዙን ስም ከያይክ ወደ ኡራል ለወጠች። በዚያው ዓመት የዛፖሪዥያ ሰፈር ፈረሰ። ካዛኮች ያን ወንዝ እስከ ዛሬ «ዣይቅ» ነው የሚሉት።

ከዚያ ወዲያ ኮሳክነት የሚወረስ ማዕረግ ሆነ። መሬት ይሰጠዋል፣ ግብር አይከፍልም፣ በምትኩ ፈረሱንና መሣሪያውን ይዞ ዛሩን ያገለግላል። የኮሳክ ልጅ ኮሳክ ነው። የሸሸ ሰው መጠሪያ የነበረው ስም የዛር ወታደር መለዮ ሆነ፤ በ19ኛው መቶ ዓመት ካዛኮች ምድር ላይ ምሽግ የሠሩትና የግጦሽ መሬታቸውን የያዙትም እነሱ ናቸው። የዛሬዋ አልማቲ በ1854 ቬርኒ ተብላ የተቆረቆረችው በእንዲህ ያለ ምሽግ ነው። ሁለቱ አንድ ስም የያዙ ሰዎች ፊት ለፊት ሲቆሙ ለሩሲያ ሹማምንት አደናጋሪ ሆነ። መፍትሔ ያሉት የካዛኮችን ስም መንጠቅ ነበር። «ኪርጊዝ» አሏቸው፣ አንዳንዴም «ኪርጊዝ ካይሳክ»፤ ኪርጊዝ ግን የጎረቤት ሕዝብ ስም ነው። እውነተኞቹ ኪርጊዞችም በተራቸው «ጥቁር ኪርጊዝ» ተባሉ። አንድ ሕዝብ በራሱ ቋንቋ ስሙን እየተናገረ በመንግሥት ወረቀት ላይ በሌላ ስም መቶ ዓመት ከዚያም በላይ ኖረ።

ሁለቱን ስሞች በአንድ ዕድሜ የኖረባቸው ሰው ቢፈለግ ታራስ ሼቭቼንኮን የሚያህል አላውቅም። የዩክሬን ታላቅ ገጣሚ ነው፤ ገባር ተወልዶ በገንዘብ ነጻ የወጣ፣ የኮሳኮችን ነጻነት ሲያነሣ የኖረ። በ1847 ዛሩ ወታደር አድርጎ ወደ ካዛክ ሣር ሜዳ አጋዘው፤ እንዳይጽፍና እንዳይሥል ተከልክሎ። እሱ ግን በድብቅ ጻፈ፣ ሣለ። የሣላቸው ሰዎች ካዛኮች ናቸው፦ የሚለምኑ ሕፃናት፣ የድንኳን ደጃፍ፣ ፈረስ ላይ ያለ ልጅ። በ1848 በጉዞ ላይ ሳሉ በምድረ በዳ ብቻዋን የቆመች አንዲት ዛፍ አጋጠመቻቸው፤ የአገሬው ሰው እንደ ቅዱስ ያያታል። ሼቭቼንኮ ሣላት፤ ግጥምም ጻፈላት። በግጥሙ ውስጥ ዛፏን ሳይሳለሙ የማያልፉትን ሰዎች ሲጠራ የሹማምንቱን «ኪርጊዝ» ትቶ «ካይዛክ» አላቸው። ለዩክሬናዊ ጆሮ ይህ ስም ከ«ኮዛክ» ምን ያህል ይርቃል? ገጣሚው ያን ድምፅ ሳይሰማ ጻፈው ብዬ ለማመን ይቸግረኛል። የታሰረበት የማንጊሽላክ ምሽግ ዛሬ ካዛክስታን ውስጥ ፎርት ሼቭቼንኮ የምትባል ከተማ ናት።

ወደ እኛ ደጃፍ የመጣ ኮሳክም ነበር። ኒኮላይ አሺኖቭ «የነጻ ኮሳኮች አታማን»፣ አለቃ፣ ነኝ ይል ነበር፤ ሹመቱን ግን የሰጠው ማንም የለም። ጥር 1889 ላይ፣ በእኛ 1881 ዓ.ም.፣ ወደ 150 የሚሆኑ ሰዎችን ይዞ ታጁራ ወደብ ወረደ። መነኩሴው አባ ፓይሲ አብረውት ነበሩ። ዓላማችን ኢትዮጵያ ደርሰን ከኦርቶዶክስ ወንድሞቻችን ጋር መገናኘት ነው ይሉ ነበር። ሳጋሎ በምትባል ስፍራ ግብፆች ትተውት የሄዱትን ምሽግ ያዙ፤ «አዲሲቱ ሞስኮ» አሉት። ምድሩ የእኔ ነው የምትለው ፈረንሳይ በየካቲት መርከቦቿን ልካ ምሽጉን በመድፍ ደበደበች፤ ሰዎች ሞቱ፣ የተረፉት ተይዘው ወደ አገራቸው ተመለሱ። ዛሩም አላውቀውም አለ። እንደ ማዕረግ ከታየ አሺኖቭ አስመሳይ ነው። በቃሉ የጥንት ፍቺ ከታየ ግን፣ ያለ ፈቃድ የወጣ፣ መንግሥት የማይቀበለው፣ ባዶ ምሽግ የሚይዝ ሰው፣ በዘመኑ ከነበሩት የደንብ ልብስ ለባሾች ይልቅ ካዛክ እሱ ነበር።

ከዐድዋ ድል በኋላ የመጡት ደግሞ ሕጋውያኑ ናቸው። በ1898 መጀመሪያ አዲስ አበባ የገባውን የሩሲያ መልእክተኛ ያጀቡት የክብር ዘበኛ ኮሳኮች ነበሩ፤ አዛዣቸው ፒዮትር ክራስኖቭ «ኮሳኮች በአቢሲኒያ» የሚል የጉዞ መጽሐፍ ጻፈ። ይኸው ክራስኖቭ በ1918 የዶን አታማን ሆነ፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ከሂትለር ጎን ቆመ፤ በ1947 ሞስኮ ላይ ተሰቀለ።

ሶቪየቶች ለሁለቱም ስሞች ጨካኝ ነበሩ። ጥር 1919 የወጣው የቦልሼቪኮች መመሪያ በሀብታም ኮሳኮች ላይ የጅምላ ሽብር አዘዘ። በ1932 መጨረሻ በኩባን የፖልታቭስካያ መንደር ኮሳኮች እህል አላስገባችሁም ተብለው በጅምላ ተጋዙ፤ የመንደሩም ስም «የቀይ ጦር» ተብሎ ተለወጠ። በእነዚያው ዓመታት ካዛክስታን ውስጥ ዘላኖቹ ከብታቸውን ተነጥቀው በግድ እንዲሰፍሩ ሲደረግ ወደ 1.5 ሚሊዮን የሚገመት ሰው በረኀብ አለቀ፤ የሚበልጡት ካዛኮች ነበሩ፣ ከሕዝቡም ሲሶ በላይ። ስለ ዩክሬን ረኀብ ዓለም ዘግይቶም ቢሆን ተናግሯል። የካዛኮቹ ግን አሁንም የሚገባውን ያህል አልተነገረም።

ለካዛኮች ስማቸውን የመለሱላቸውም ሶቪየቶቹ ራሳቸው መሆናቸው የታሪክ ነገር ነው። በ1920 የተቋቋመችው ራስ ገዝ ሪፐብሊክ «ኪርጊዝ» ተብላ ነበር፤ በ1925 «ካዛክ» ተባለች። አሁን ግን የድሮው ችግር ተመለሰ፦ በሩሲያኛ ኮሳክና ካዛክ በአንድ ሆሄ ይጻፋሉ። የካቲት 1936 በወጣ ውሳኔ የካዛኮች ስም በሩሲያኛ ሲጻፍ የመጨረሻው «ክ» በ«ኽ» እንዲተካ ታዘዘ። ከዚያ ጀምሮ ኮሳኩ «ካዛክ»፣ ካዛኩ «ካዛኽ» ነው። እንግሊዝኛም የአገሪቱን ስም በዚያው «ኽ» ይጽፋል፤ በካዛኮች በራሳቸው ቋንቋ ግን ያ ድምፅ በስማቸው ውስጥ የለም። የቃሉ መነሻም መድረሻም አንድ ዓይነት የጉሮሮ «ቅ» ነው።

ቃሉ በየመንገዱ የጣላቸው ሌሎች ፍቺዎችም አሉ። በሰሜን ሩሲያ ገጠር «ካዛክ» በደመወዝ የሚቀጠር ሠራተኛ ነበር፤ ባለርስት የሌለው ሰው መሆኑ ነው። በፖላንድ የመንገድ ቋንቋ «ኮዛክ» ደፋር፣ አይደፈሬ ጎረምሳ ነው። ቱርክ ውስጥ «ካዛክ» ሚስቱ የማታዘው ባል ነው። ኢራን ደግሞ በ1879 በሩሲያ መኮንኖች የሚመራ የኮሳክ ብርጌድ አቋቁማ ነበር፤ ወታደሮቹ ፋርሶች፣ ስማቸው ግን «ቃዛቅ»። ከዚያ ብርጌድ የወጣው ሬዛ ካን በ1921 መፈንቅለ መንግሥት አድርጎ በ1925 ሻህ ሆነ።

ካዛኮች ራሳቸው ኮሳክን ምን ይሉታል? «ካዛክ ኦሪስ»። ካዛክ የሆነ ሩሲያዊ ማለት ነው።